የዶሮ ቤቱ ተጎታች

ተሻገር ሲያገባኝ ላንድሮቨር ይነዳ ስለነበር እስቴ ውስጥ ያልቀናብኝ ሴት አልነበረችም። የቀኑብኝ ሁሉ ያላወቁት ነገር ቢኖር ላንድሮቨሩ ባሌን ይዞ ይሄዳል እንጂ እኔን ይዞ እንደማይሄድ ነው። ተሻገር የፈንጣጣ ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ ሹፌሩም ከታቢውም እሱ ራሱ። ከወሩ ሃያ ሰባቱን ቀን በስማዳና በጋይንት ገደላ ገደል እየዞረ የሰው ክንድ ሲወጋ ይከርምና ለሦስት ቀን ብቅ ብሎ ልብሱን አሳጥቦ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ተድሬ፣ ተሞሽሬ፣ ስምንት ወር ሙሉ እዚያው አባቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ።

ዘመኑ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተሻገር አንገቱን ደፍቶ መጣና ከጥምቀት በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስማዳ እንደተመደበ ነገረኝ። ያቺ ሦስት ቀንም ቀረች ማለት ነው። የሚያድርበት ቤት የለውም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አንድ ድንኳን ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ዝናብ ያስገባል።

«ድንኳኑ ውስጥ አብሬህ እኖራለሁ» አልኩት።

«የሰው ልጅ ድንኳን ውስጥ አስቀምጬ ጅብ እንዲያስፈራራት?»

«እንግዲያው ስማኝ። ከጥምቀት በፊት ሁለታችንን የሚያስጠልል ነገር ካላገኘህ ሽማግሌ ጥራና እንፋታ። በዓመት ሁለቴ የማየውን ሰው ባሌ ነው እያልኩ መኖር አልችልም።»

የቁም ነገሬን ነበር። ጌጤ ስትናደድ ታወራለች እንጂ አታደርግም የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ተሻገር ግን ከነሱ አንዱ አልነበረም። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት «ተጎታች» አለኝ። አንድ ጊዜ ጎንደር መንገድ ላይ ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ ቤት አስረው ሲጎትቱ አይቷል። አለቃውን ጠየቀ። አለቃውም «በራስህ ገንዘብ ከገዛህ ጎትት፤ መኪናዬን ከሰበርክ ግን ደመወዝህን እርሳው» አለው። የኔን ሁለት ጊደሮች ሸጥን፤ እሱ ያጠራቀማትን ጨመርንባት፤ ሦስት መቶ ብር ሆነች። ከዚያ በላይ አንዲት ስሙኒ የለችንም።

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ወልደ ሩፋኤል የታወቁ በቅሎ መራጭ ናቸው። ከመካነ ኢየሱስ እስከ አርብ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያስከትል ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ገንዘብ አይቀበሉም፤ አንድ ዋንጫ ጠላ ይበቃቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ አንድም እንስሳ ዋሽተው አያውቁም፤ የገዛ ወንድማቸውን በቅሎ እንኳ «ያነክሳል» ብለው ገበያ መሐል አስቀርተውበታል። ወንድማቸው ሁለት ዓመት አኩርፏል።

ተሻገር መኪና ያውቃል፤ ሻጭ ግን አያውቅም። ያሳዩትን ሁሉ ያምናል። ስለዚህ «አባዬን ይዘን እንሂድ» አልኩ።

«አባባ ስለ ጎማ ምን ያውቃሉ?» አለኝ።

አባቴ ይህን ሰምተው «ስለ ጎማ አላውቅም» አሉ። «መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። ኸዚህ እስኸ ስማዳ ወገዳ ያለውን ድንጋይ በቅሎዬ አንድ በአንድ ረግጣዋለች።»

ማታ ራታቸውን ሳይጨርሱ ተኙ። እኔ ስለ ጎማ እያሰቡ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሦስታችን በላንድሮቨር ደብረ ታቦር ወጣን። አባቴ ከፊት ተቀመጡ፤ አለንጋቸውን ይዘዋል። «በመኪና ሲሄዱ አለንጋው ለምን?» ስላቸው «እጄ ባዶውን አይሄድም» አሉኝ። ዳገት ሲሆን ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፤ እጃቸው ልጓም ይፈልጋል። ተሻገር ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ ነው የነዳው።

መጀመሪያ ያየነው የባለ ሆቴሉ የፈንታው ተጎታች ነበር። አንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወው ነው። እኔ እንዳየሁት አበቃልኝ! ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መጋረጃ ያለው፣ ከግድግዳው ተዘርግቶ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ያለው፣ ከሁሉም በላይ የቁም መስታወት ያለው ቤት። መስታወቱ ፊት ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ራሴን በሙሉ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ተሻገርም ከኋላዬ ቆሞ ፈገግ አለ። እኛ ጨርሰናል።

አባቴ አልጨረሱም። «ስንት ዓመቱ ነው? ኸማን ጋር ኖረ? ለምን ተሸጠ?» ብለው ፈንታውን አፋጠጡት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡና ሥሩ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። ሲወጡ ጀርባቸው አፈር ብቻ ነው።

«ሆዱ መሬት ይልሳል» አሉ። «እግሩ የበግ እግር ነው። ኸመጀመሪያው ጉድባ ላይ ይተኛና አይነሣም።»

«አባባ፣ ፈረንጅ እኮ ነው የሠራው» አለ ፈንታው።

አባቴ ተጎታቹን በትከሻቸው አንድ ጊዜ ገፋ አደረጉት። በሩ በራሱ ተከፈተ። ዘጉት። ደግመው ገፉት፤ ደግሞ ተከፈተ።

«ደልዳላ ሜዳ ላይ ቆሞ በሩን መዝጋት ያቃተው ገደል ላይ ምን ሊዘጋ ነው?» አሉና ጋቢያቸውን ተቀበሉኝ። እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለመስታወቱ ስል ግማሽ ሰዓት አኮረፍኩ።

ሁለተኛው ሙላው የሚባል አናጢ አዲስ የሠራው ነበር። የባሕር ዛፍ ማገር፣ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ቁመቱ ከላንድሮቨሩ ይበልጣል። ሙላው ኩራቱ ሌላ ነው፤ እየዞረ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርገዋል። አባቴ እንደ ልማዳቸው ትከሻቸውን አስጠጉና ገፋ አደረጉት። ያ ሁሉ ቤት ከነክዳኑ ሲወዛወዝ ዘለን ሸሸን።

«ራሱ ከባድ ነው። ጎን ለጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ይገለበጣል» አሉ። «ቤቱስ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ቆሞ ነው የሚያምረው።»

ሙላው ተቆጣ። «እርስዎ በቅሎዎን ይምረጡ!» አላቸው።

ሦስተኛው ከሙላው አጥር ቀጥሎ፣ ጠጅ ሻጯ ታንጉት ግቢ ውስጥ ነበር። ሲያዩት የሚያስለቅስ ነገር ነው። በጣሊያን ጊዜ የጦር ዕቃ ሲጎተትበት የነበረ የላሜራ ሣጥን፤ ቀለሙ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ዝገቱ ብቻ ነው የቀረው። ታንጉት ዶሮዎቿን አስገብታበታለች። በሩን ስትከፍተው አሥራ አንድ ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ እየተንጫጩ በላያችን ላይ ወጡ፤ ሽታውን አልነግራችሁም። ተሻገር ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

አባቴ ግን ከናካቴው አላዩትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጀርባቸውን ለተጎታቹ ሰጥተው፣ «እንቁላል ስንት ስንት ነው?» ብለው ታንጉትን ጠየቋት። አራት እንቁላል ገዙ። ታንጉት እንቁላሉን ለተሻገር ስታስረክብ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አሰሩ። ከዚያ ቀና ብለው «እንግዲህ ዛሬስ የለም፤ እንሂድ» አሉ።

እኔ በልቤ ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጾመ ነቢያት ነበር። አባቴ በጾም እንቁላል መግዛት ቀርቶ ዶሮ ሲጮኽ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። ደግሞ የኛ አገር በቅሎ ገዢ የወደደውን አያይም፤ ካየው ሻጩ ዋጋ ይሰቅልበታል። ያልፈለገውን ጥርሱን ይፈለቅቃል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ይዘባበትበታል፤ የፈለገውን ጀርባ ሰጥቶት ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ከገበያ ይወጣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ይመለስና በቀላል ዋጋ ይዞት ይሄዳል። አባቴ ይህን ሲያደርጉ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። የዶሮ ቤቱን ወደውታል ማለት ነው። እንቁላሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩና «ተመለስ» እስኪሉ መጠበቅ ጀመርኩ።

ከተማው ዳር ደረስን፤ አላሉም። ባሕር ዛፉን አለፍን፤ አላሉም። ወንዙን ተሻገርን፤ ላንድሮቨሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ፤ አባቴ ወደ ፊት አጎንብሰው አለንጋቸውን ጨብጠው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ዋጋ እየተከራከሩ አልነበረም። ወደ ቤት እየሄዱ ነበር።

«ተሻገር፣ አቁም!»

አቆመ።

«አባዬ፣ የዶሮ ቤቱ ምን ሆነ?»

«ዛገ» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ላሜራው ነው የዛገው። ሥሩንስ?»

«አላየሁም።»

«አይተዋል! ጎንበስ ብለው ጫማዎን ሲያስሩ አይቻለሁ። ጫማዎ ኮንጎ ነው አባዬ፤ ማሰሪያ የለውም።»

አባቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። ተሻገር ብልህ ነው፤ የኋላ ጎማ ይመረምር ጀመር። እኔም እንቁላሌን ይዤ ወረድኩ። አባቴ መንገዱ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

«ሸክም የሚችለው ባሌስትራ ብረቱ ሰባት ንጣፍ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የጎማው ቸርኬ አልተጣመመም። ሆዱ ኸመሬት የራቀ፣ ወገቡ የጠና ነው። ኸወገዳ በላይ ያለውን ደረጃ ድንጋይ ይወጣዋል። ሃያ ዓመት ያገለግላችኋል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ኸተገዛማ ትሄጃለሽ።»

እሳቸው አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። «እናትሽ ኸሞተች ያንን ቤት ብቻዬን ገብቼበት አላውቅም። ስትዳሪ እንግዲህ ቀረች ብዬ ነበር፤ ይኸ ክትባት የሚሉት ነገር ስምንት ወር አቆየልኝ። እኔስ ለምጄው ነበር።»

ተናደድኩ። አዘንኩላቸው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ትዳሬ ሊፈርስ ነው፣ እንደሚፈርስም ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸው ይህን እያወቁ አራት እንቁላል ገዝተው ወጡ! «አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ እውነት ሲናገሩ ኖረው ለኔ ሲሆን ዋሹ?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሐዘኑ የመጣው፤ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«ስለ እንስሳ አልዋሸሁም» አሉ። «ብረት ነው።»

እንቁላሉን እንደያዝኩ ከጀርባቸው ቆሜ ጠበቅሁ።

«ዋሽቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። ዞረው ፊቴን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፤ ከዚያ ተሻገርን ጠሩት። «ልጄ፣ መልሰው።»

ታንጉት ስንመለስ አየችን። የተመለሰ ገዢ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ሳንወርድ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ጠራች። አባቴ ግን ያን ቀን ዕድሜ ልካቸውን ያላደረጉትን አደረጉ። ፊት ለፊቷ ቆሙና «ወድጄዋለሁ» አሏት። «ያለን ሦስት መቶ ብር ነው። የምትኖርበት ልጄ ናት።»

ታንጉት ሃያ ዓመት ስትሸጥ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሟት አያውቅም። ደነገጠች። ማታለያ መስሏት የራሷን ተጎታች ዞራ ዞራ አየችው፤ ገብታ በዶሮዎቹ ሣር ሥር ሳይቀር ፈተሸች፤ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ስታውቅ «ከሦስት መቶው በሃያው ለዶሮዎቼ ቤት አሠሩልኝና ቀሪውን ሰጥታችሁ ውሰዱት» አለች። ሙላው ከአጥሩ በላይ ሲሰማ ነበር። የዶሮ ቤቱን ሥራ ለሱ ስንሰጠው ኩርፊያው ለቀቀው።

«ቆይ፣ አካሄዱን ሳላይ አልገዛም» አሉ አባቴ። ተሻገር ከላንድሮቨሩ ኋላ ባለው መንጠቆ፣ ጋንቾው ላይ አሰረው። አባቴ አራቱን እንቁላል ከኔ ተቀብለው ወለሉ ላይ ባለው ሣር አስቀመጡና እሳቸውም አብረው ገቡ። ተሻገር በግቢው ጀርባ ያለውን ጉድባ ሁለት ጊዜ አሻግሮ መለሰው። ውስጥ ቀርታ የነበረች አንዲት ዶሮ በመስኮቱ ዘላ ወጣች። በሩ ሲከፈት አባቴ ቆባቸው ተጣሞ፣ አቧራ ለብሰው፣ ሦስት እንቁላል በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

«ኻራት አንድ ተሰበረ» አሉ። «በቅሎዬም ኸዚህ አትሻል።»

ቀጥሎ ዋስ ነው። በኛ አገር ሻጭ፣ የሸጠው ነገር የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅለት ዋስ ይጠራል። «የጣሊያን ዕቃ ነው፤ ጣሊያን መጥቶ ቢጠይቅስ?» አሉ አባቴ። ታንጉት «ሠላሳ ዓመት ያልጠየቀ!» ብላ ሳቀች፤ አባቴ ግን አልሳቁም። ሙላው ዋስ ሆነ። ገንዘቡን ተሻገር ቆጥሮ ሰጠ። አለቀ ስንል አባቴ ወደ ተሻገር ዞሩ።

«አሁን ደግሞ አንተ ዋስ ጥራ።»

«የምን ዋስ፣ አባባ?»

«በየወሩ በመድኃኔዓለም ቀን ልጄ እኔ ቤት ታድራለች። አንድ ሌሊት። የሚዋስልህን ጥራ።»

ተሻገር ተጨነቀ። ውሸት አያውቅበትም። «አባባ፣ መኪናው የመንግሥት ነው» አለ። «ኸስማዳ በየወሩ ልውጣ ብልም አይለቁኝም። እንዴት ብዬ ዋስ እጠራለሁ?» ላብ አጠመቀው። ሙላውን አየ፤ ሙላው ወደ ሰማይ አየ። ታንጉት ዶሮዎቿን መቁጠር ጀመረች። አባቴ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ሳይ ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለራሷ ጉዳይ ራሷ ዋስ! ይኸ የት አገር ሕግ ነው?» አለ ሙላው።

«አንተ ዝም በል፣ የዶሮ ቤትህን ሥራ። አባዬ፣ መኪናው የመንግሥት ነው፤ እግሬ ግን የኔ ነው። ያልመጣሁ እንደሆነ እኔን ይያዙኝ።»

አባቴ «ይሁን» አሉ።

ጥር ላይ ወጣን። ዝገቱን ፍቀን አረንጓዴ ቀባነው፤ ሽታው ግን እስከ ፋሲካ አልለቀቀንም። አልጋችን ጠባብ ስለነበር ተሻገር ሲገላበጥ እኔም አብሬ እገላበጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። የስማዳ ሴቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ ሲመጡ እኔ ክንዳቸውን እይዛለሁ፣ ተሻገር ይወጋል። ተጎታቹም አባቴ እንዳሉት ከወገዳ በላይ ያለውን ድንጋይ እየተንገጫገጨ ወጣው።

በየካቲት መድኃኔዓለም የእህል ነጋዴ መኪና ላይ ተሳፍሬ አባቴ ዘንድ አደርኩ። መጋቢት ላይ በሰው በቅሎ ሄድኩ። ሚያዝያና ግንቦትን ተሻገር አለቃውን እየለመነ በላንድሮቨሩ አደረሰኝ፤ ሰኔን ከገበያተኞች ጋር ሄድኩ። ሐምሌ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ። ላንድሮቨሩም ተጎታቹም ወገዳ ጭቃ ውስጥ ቆሙ።

«አባባ ክረምት መሆኑን ያውቃሉ፤ ይረዱሻል» አለኝ ተሻገር።

«ዋስ ስሆን ክረምት ይቅር አልተባለም» አልኩና እስቴ ከሚሄዱ ሁለት ቄሶች ጋር በእግሬ ወጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወንዙ ሞልቶ እዳሩ ሰው ቤት አደርን፤ ጠዋት ሲጎድል እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። በሃያ ሰባት ሲመሽ አባቴ ደጅ ደረስኩ፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ፣ ነጠላዬ ገላዬ ላይ ተጣብቋል።

በሩ ክፍት ነበር። ምድጃው ላይ ውሃ ተጥዶ ይጤሳል። አባቴ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ገበቴውን አቀረቡ። እኔ እግራቸውን ሳጥብ ነው ያደግሁት። ልነሣ ብል በትከሻዬ ያዙኝ። ጎንበስ ብለው ጭቃውን ከጣቶቼ መሐል ሳይቀር እያወጡ አጠቡኝ። አለቀስኩ።

እግሬን በጋቢያቸው አድርቀው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«የነሐሴውን እኔ እመጣለሁ» አሉኝ።